ሩት የሚደረግ ርካሽ ስልክ እንዴት ይመረጥ? ከመክፈቻው በፊት መመለሻውን ማየት

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች አንሥቶ ከከተማዋ ወሰን ማዶ እስካሉት ቡራዩና ለገጣፎ ድረስ፣ ስልክን ከመደወልና ቪዲዮ ከማየት ያለፈ ሥራ የሚያሠሩት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ላፕቶፕ የመግዛት አቅም የሌለው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ተርመክስ የተባለውን መተግበሪያ ጭኖ ኮድ የሚጽፈው በስልኩ ነው፤ ከኮንዶሚኒየም ሥር ንግድ ቤት ተከራይቶ ስልክ የሚጠግነው ወጣት የደንበኛን ቀፎ ከመንካቱ በፊት የሚለማመደው በራሱ ስልክ ላይ ነው፤ ፋብሪካው የጫነበት መተግበሪያ ማስታወቂያ እየደቀነ ያስቸገረው ተራ ተጠቃሚም ያንን ነገር ከሥሩ ነቅሎ መጣል ይፈልጋል። ሦስቱም የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገኝ፣ ሩት ማድረግ (የስልኩን ሥርዓት ሙሉ ሥልጣን መያዝ) የሚቻልና ጫን ተደርጎ ቢሠራበት የማይዝል ስልክ የቱ ነው?

ጥያቄው ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀለል ያለ መልስ ነበረው። ዛሬ ከሁለት አቅጣጫ ከብዷል። አንደኛው ዋጋ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ከውጭ የሚገባው ቀፎም ሆነ እዚሁ የሚገጣጠመው ስልክ ዕቃው በዶላር የሚገዛ በመሆኑ ዋጋው ተከትሎት ወጣ። ሁለተኛው ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው ያመጡት ነው። ስልኩ ሲበራ የትኛው ሶፍትዌር እንዲነሣ የሚፈቅደው ቡትሎደር ካልተከፈተ ሩት የሚባል ነገር በአስተማማኝ ሁኔታ አይታሰብም፤ ይህንን ቡትሎደር ለባለቤቱ ክፍት ያደርጉ የነበሩት ኩባንያዎች ደግሞ አንዱ ሌላውን እየተከተለ እያጠበቁት መጥተዋል።

ስለዚህ አብዛኛው ገዢ እንደሚያደርገው በፕሮሰሰር ፍጥነትና በካሜራ ሜጋፒክስል መጀመር ለዚህ ዓይነቱ ተጠቃሚ የሚበጅ አይመስለኝም። በቅድሚያ መታየት ያለበት ስልኩ ሲበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ መኖሩ ነው፤ ሩት የሚደረግበት መንገድ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፣ ፍጥነቱም ከሁለቱ በኋላ።

ሩት የሚያስፈልገው ለማን ነው?

አንድሮይድ በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በሊኑክስ ሥርዓት እምብርት፣ ላይ የተገነባ ሥርዓት ነው፤ ሩት ማድረግ ማለትም አምራቹ ከተጠቃሚው የነጠቀውን የዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን መልሶ መያዝ ነው። በእኛ አገር ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ስላልነበራቸው አማርኛው በባዶ ሳጥን እየተተካ ይታይ ነበርና፣ በዚያን ጊዜ ስልኩን ሩት ያስደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ የፈለገው ፎንት ማስገባት ብቻ ነበር። ያ ችግር ከተፈታ ቆይቷል። አሁን የቀረው ምክንያት ሌላ ነው፤ የማስታወቂያ አድራሻዎችን በስልኩ ሥርዓት ውስጥ በሚገኘው የሆስትስ ፋይል አማካይነት ማገድ፣ መተግበሪያዎችን ከነመረጃቸው ባክአፕ ማድረግ፣ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ ኃይል መቀበሉን እንዲያቆም ማዘዝ፣ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበትን ስልክ ላይኔጅ ኦኤስ በተባለው ሌላ የአንድሮይድ ሥሪት ወደ አዲስ አንድሮይድ ማሳደግና የመሳሰሉት።

ከእነዚህ ውስጥ ግን ያለ ሩት የሚሠሩ አሉ፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። የማይፈለግ መተግበሪያን ኤዲቢ በተባለው መሣሪያ ከኮምፒውተር ትዕዛዝ ሰጥቶ ከተጠቃሚው መለያ ማስወገድ ይቻላል፤ ፋይሉ በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ ስለሚቀር ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል እንጂ በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ላይ አይታይም። ማስታወቂያን በግል ዲኤንኤስ ቅንብር በከፊል ማገድ ይቻላል። ሺዙኩ የተባለው መተግበሪያም ለሌሎች መተግበሪያዎች ከተራው ከፍ ያለ፣ ከሩት ግን ዝቅ ያለ ሥልጣን ይሰጣል። ተርመክስም ራሱ ሩት አይጠይቅም። ፍላጎቱ በእነዚህ የሚሟላ ሰው በእጁ ባለው ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ሥራውን ጨርሶ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻለዋል። የተሟላ ባክአፕ፣ የከርነል ለውጥ ወይም አዲስ ሮም (በፋብሪካው ምትክ የሚጫን የስልክ ሥርዓት) የሚፈልገው ብቻ ይቀጥል።

ስልኩ ቦርሳም ስለሆነ

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ ከመሃል ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው፣ ስልክ የኪስ ቦርሳውን ተክቶታል። የታክሲ ሒሳብ፣ የመብራት ክፍያ፣ ከቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ በዚያው ያልፋል። ሩት ደግሞ የሚጋጨው በዋናነት ከእንደዚህ ዓይነት መተግበሪያዎች ጋር ነው። ጎግል ስልክ መነካካቱን ለመተግበሪያዎች የሚነግረውን፣ ሴፍቲኔት የተባለውን የቀድሞ መፈተሻ አንሥቶ በፕሌይ ኢንተግሪቲ ተክቶታል፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት ወር 2025 ጀምሮም አንድሮይድ 13ና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች ላይ ማረጋገጫው በሃርድዌሩ ውስጥ ከተቀመጠ ቁልፍ ይጠየቃል። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ይህንን ፈተና በራሱ አያልፍም። ሩት ማድረጊያ ከሆነው መሣሪያ ከማጂስክ ጋር በሚጫኑ ሞጁሎች የሌላ ስልክ ቁልፍ በማስመሰል ማለፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ጎግል ሾልኮ የወጣውን ቁልፍ በሰረዘ ማግሥት ግን መተግበሪያው ይዘጋል። ክፍያ ለመፈጸም ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ አዲስ ቁልፍ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው በየትኛውም ቀፎ የሚሠራው የኮከብና የመሰላል አገልግሎት ነው፤ ቴሌብር በኮከብ 127 መሰላል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮከብ 889 መሰላል የሚሰጡት አገልግሎት በኔትወርኩ በኩል የሚሄድ እንጂ የስልኩን ሶፍትዌር የሚመረምር ስላልሆነ ሩት መደረጉ አይነካውም። ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ሩት በተደረገ ስልክ ላይ ሥልጣን ያገኘ መጥፎ መተግበሪያ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ሊያነብ ይችላል፣ በቴሌግራም ቻናል የሚለቀቁ የተነካኩ መተግበሪያዎችን ሳይመርጥ የሚጭን ሰው ደግሞ ይህ የቅርብ አደጋው ነው። ሁለተኛው መፍትሔ፣ እኔ የማደላበትም፣ ስልኮቹን መለያየት ነው። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሲም ካርድና የባንክ መተግበሪያ ባልተነካ አሮጌ ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ለሙከራ የሚገዛው ሁለተኛ ስልክ ይሁን። ይህ ውሳኔ የግዢ በጀቱን ራሱ ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ስልክ ጥሩ ካሜራ ወይም ያልተጫረ ስክሪን ስለማያስፈልገው ያገለገለውን በርካሽ መግዛት ይቻላል።

በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው

ሁዋዌ የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ቪቮም ለባለቤቱ ይፋዊ መክፈቻ አይሰጥም። በእነዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ሞቶሮላ ለተመረጡ ሞዴሎች በነፃ ኮድ ይሰጣል፣ በእኛ ገበያ ግን በብዛት የሚገኝ ስላልሆነ መለዋወጫው ያስቸግራል።

በብዛት የሚገኘውና ክርክርም የሚበዛበት ሻውሚ ነው። ሬድሚና ፖኮ ለረጅም ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ተጠቃሚ ምርጫ ሆነው ቆይተዋል፤ በርካሽ ዋጋ ጥሩ ፕሮሰሰር ይዘው ይመጡ ስለነበር በዓለም ዙሪያ ያሉ አልሚዎች ሮም ሠሩላቸው። ሬድሚ ኖት 8፣ ሬድሚ ኖት 10 ፕሮ፣ ፖኮ ኤክስ 3 ኤንኤፍሲና ፖኮ ኤፍ 1 ይፋዊ ላይኔጅ ኦኤስ ካገኙት መካከል ናቸው። ቡትሎደሩን ለመክፈት በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው የኩባንያው መሣሪያ 168 ሰዓት፣ ማለትም ድፍን 7 ቀን፣ ያስጠብቅ ነበር፤ አሰልቺ ቢሆንም የሚያልቅ ነገር ነው። ሚዩአይ የተባለውን የኩባንያውን የቀድሞ ሥርዓት የተካው ሃይፐር ኦኤስ ከመጣ በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። አሁን ከ30 ቀን በላይ የቆየ አካውንት ይዞ የሻውሚ ኮሚዩኒቲ በተባለው መተግበሪያ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ በየቀኑ በኮታ የተወሰነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህም አንድ አካውንት በዓመት ከአንድ ስልክ በላይ መክፈት አይችልም። ኮታው የሚታደሰው በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ከሥራ ተመልሶ ዳታ የሚከፍትበት፣ ኔትወርኩም የሚጎተትበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሰከንድ በሚቆጠርበት ሽሚያ ላይ የዳርቻ ሰፈር ነዋሪ ወደ ኋላ ይቀራል። ፈቃዱ ከተገኘም በኋላ ስልኩን ከአካውንቱ ጋር ማቆራኘት በዋይፋይ ሳይሆን በሲም ካርድ ዳታ መደረግ አለበት፤ ከዚያ ሌላ 72 ሰዓት መጠበቅ ይከተላል። እንግዲህ ያገለገለ ሬድሚ ሲገዛ በሚዩአይ 14 ወይም ከዚያ በታች ላይ የቆመውን መርጦ ማንሣት፣ በአሮጌው ሕግ ለመዳኘት ዕድል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከማንኛውም የፕሮሰሰር ንጽጽር ይበልጣል።

ሳምሰንግ በበኩሉ ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ ከሚሠራቸው ስልኮች በስተቀር ቡትሎደሩን በገንቢዎች ቅንብር ውስጥ ባለው ኦኢኤም አንሎክ በተባለ አማራጭ በኩል ያስከፍት ነበር። ዋጋው ግን የማይመለስ ነው፤ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የተነሣበት ስልክ ውስጥ ያለ አነስተኛ ፊውዝ ይቃጠልና ኖክስ የተባለው የጥበቃ ሥርዓት እስከ መጨረሻው እንደተነካ ይቆጥረዋል፤ ሴኪውር ፎልደርን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ኦርጅናሉ ሶፍትዌር ተመልሶ ቢጫንም አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ በወጣው የሳምሰንግ ሥርዓት፣ በዋን ዩአይ 8፣ ደግሞ ያ አማራጭ ራሱ ከቅንብሩ ጠፍቷል። የኤ ተከታታይ አሮጌ ስልኮች አሁንም ይከፈታሉ። ጠጋኞች ቢት የሚሉትን ቁጥር ማየት ግን ያስፈልጋል፤ በሶፍትዌር መለያው ላይ ዩ ወይም ኤስ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የሚመጣው አኃዝ ሲሆን፣ ስልኩ ቢት 5 ላይ ከደረሰ ቢት 4 ሶፍትዌር አይቀበልም። ስለዚህ መመለሻ ፋይል አለኝ የሚል ሰው ፋይሉ የየትኛው ቢት እንደሆነ ካላወቀ ምንም አልያዘም ማለት ይቻላል።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የሚሠራው ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ይገጣጥማል፤ በየሰፈሩ ሱቅ ስክሪኑና ባትሪው በቀላሉ የሚገኘውም ለእነዚህ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ቡትሎደሩ ያለ ፈቃድና ያለ ጥበቃ ፋስትቡት በተባለው፣ ከኮምፒውተር በሚላክ ትዕዛዝ ይከፈታል፤ ይህ በብዙ ሰው ዘንድ አይታወቅም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ኩባንያው በከርነሉ ፈቃድ መሠረት ሊያወጣው የሚገባውን የከርነል ምንጭ ኮድ ለአብዛኞቹ ሞዴሎች ስለማያወጣ የተሟላ ሮም የሚሠራላቸው አልሚ የለም። የሚቀረው ማጂስክን በፋብሪካው ሶፍትዌር ላይ መጫን ወይም በፕሮጀክት ትሬብል ምክንያት ከአንድሮይድ 8 ወዲህ የተቻለውን፣ ለሁሉም ስልክ በጋራ የሚሠራውን ጂኤስአይ የተባለ ሮም መሞከር ነው፤ ጂኤስአይ ይነሣል፣ ካሜራው ወይም የጣት አሻራው ግን ላይሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ስልኮች አንድ የማይናቅ ጥቅም አላቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ሚዲያቴክ ነው፤ በቆዩት የሚዲያቴክ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ በሃርድዌሩ ውስጥ በተቀረጸው የመነሻ ኮድ ያለውን ክፍተት ተጠቅሞ የሞተ ስልክን ማስነሣት ይቻላል። ይህ ክፍተት በሶፍትዌር ማሻሻያ የሚደፈን አይደለም። የሰፈር ጠጋኝ የሞተ ቴክኖ ሲመጣለት ብዙም የማይደነግጠው ለዚህ ነው። ኳልኮም ፕሮሰሰር ያለው ሬድሚ በዚያው ሁኔታ ሲገባ ግን የአምራቹ ፊርማ ያለበት ፋይልና የተፈቀደለት አካውንት ይጠየቃል። ገበያው በጥቅሉ ሬድሚን ለሞካሪ፣ ቴክኖን ለተራ ተጠቃሚ ብሎ ይከፍላል፤ በመመለሻ በኩል ከታየ ግን ለጀማሪ አሮጌ ቴክኖ የሚሻልበት ጊዜ አለ ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ በእነዚህ ስልኮች ካርቶን ላይ 8 ጊጋ ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ራም ከሥሩ በትንሹ 4 ሲደመር 4 የሚል ካለበት፣ ትክክለኛው ራም 4 ጊጋ ነው፤ ቀሪው ከማከማቻው የተበደረ ነው። ጫን ያለ ሥራ ለሚሠራ ሰው እውነተኛ 6 ጊጋ ራም ከተበደረው 8 ይሻላል።

ፒክስል የተባለውን የጎግል ስልክ በተመለከተ ከቴክኒክ አንጻር ብዙ ክርክር የለም። ቡትሎደሩ በአንድ ትዕዛዝ ይከፈታል፣ ጎግል ለሞዴሎቹ የሚያወጣውን ሙሉ ሶፍትዌር በነፃ ያስቀምጣል፣ እንደ ግራፊን ኦኤስ ያለ ሮም ከተጫነም በኋላ ቡትሎደሩን መልሶ መቆለፍ ይቻላል። የመመለሻው መንገድ ከሁሉም የተሻለው እዚህ ነው። ፒክስል 6ኤ የሶፍትዌር ድጋፉ እስከ ሐምሌ 2027፣ ፒክስል 8ኤ እስከ ግንቦት 2031 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ነገር ግን ጎግል ፒክስልን በኢትዮጵያ በይፋ ስለማይሸጥ የሚገኘው ዱባይ ዩዝድ እየተባለ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ነው፤ ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮች መመርመር አለባቸው። ቬራይዘን ለተባለው የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያ ተብሎ የተሸጠው ፒክስል የሲም ቁልፉ ተከፍቶ በእኛ ኔትወርክ ቢሠራም ቡትሎደሩ ፈጽሞ አይከፈትም። ባትሪውም አለ፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ለ4ኤ፣ በሐምሌ 2025 ለ6ኤ የባትሪ አቅምን የሚቀንሱ ማሻሻያዎችን በሙቀት ሥጋት ምክንያት ልኳል፣ በ6ኤ ላይ ቅነሳው የሚጀምረው ባትሪው 400 ዙር ሲሞላ ነው፤ በ7ኤ ላይም የሚያብጡ ባትሪዎች በመገኘታቸው የነፃ ጥገና ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር። ጎግል ለእነዚህ የሚሰጠው ካሳና ጥገና እዚህ የለም፤ ባትሪ መቀየሪያው ከራስ ኪስ ነው። ሦስተኛው በተለይ የዳርቻ ነዋሪውን የሚመለከት ነው። በ6ና በ7 ትውልድ ያሉት ፒክስሎች የያዙት የሳምሰንግ ሞደም፣ ማለትም ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ባትሪ በመፍጀትና በመሞቅ ይታማል፤ ከምሰሶ በራቀ ሰፈር ወይም በወፍራም ኮንክሪት ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ቀኑን ሙሉ ያየዋል። ሳፋሪኮም ወደ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው ደግሞ በእነዚህ ፒክስሎች ውስጥ አንድ የካርድ ማስገቢያ ብቻ እንዳለ፣ ሁለተኛው ካርድ የማይፈልገው ኢሲም መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ።

መመለሻው በተግባር

ሩት የማድረጉ ሥራ ራሱ ሲታይ ረጅም አይደለም። ከአንድሮይድ 13 ጋር ተወልደው በወጡ ስልኮች ላይ ከፋብሪካው ሶፍትዌር ውስጥ ኢኒት ቡት የሚባለው ምስል፣ ከዚያ በፊት በወጡት ላይ ቡት የሚባለው ይወጣል፤ ወደ ስልኩ ይገለበጣል፤ ማጂስክ ያስተካክለዋል፤ የተስተካከለው ፋይል ወደ ኮምፒውተር ተመልሶ በፋስትቡት ይጫናል። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ፋይሉ የሌላ ሥሪት ሲሆን ነው። ስልኩ ላይ ያለው የነሐሴ ወር ሶፍትዌር ሆኖ የተጫነው ምስል የሐምሌ ከሆነ፣ ስልኩ የአምራቹን አርማ እያሳየ መልሶ መላልሶ ይነሣል። ይህ ቡትሉፕ የሚባለው ነው፤ ያልተነካው ኦርጅናል ምስል በላፕቶፑ ላይ ላለው ሰው በአንድ ትዕዛዝ የሚስተካከል፣ ለሌለው ግን ሙሉ ሶፍትዌር እስኪወርድ የሚያስጠብቅ ችግር ነው። ሙሉ ሶፍትዌር ደግሞ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ2 እስከ 8 ጊጋ ይመዝናል። በዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ይህ የስልኩ ዋጋ አካል ነው፤ በሌሊት ጥቅል ቀድሞ ማውረድና የፋይሉን ትክክለኛነት በቼክሰም ማረጋገጥ እንደ ትርፍ ሥራ መታየት የለበትም።

መብራት ሌላው ነው። ከዩፒኤስ ጋር ያልተያያዘ ዴስክቶፕ ላይ ፍላሽ ማድረግ (የስልኩን ሶፍትዌር መጫን) በእነዚህ ሰፈሮች የሚመከር አይደለም፤ ባትሪው የሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ ይበልጠዋል። በእርግጥ አደጋው እንደሚጫነው ክፍል ይለያያል። የቡት ምስል እየተጫነ መብራት ቢሄድ እንደገና መጫን ነው፤ ቡትሎደሩ ራሱ እየተጻፈ ቢቋረጥ ግን ስልኩ ላይነሣ ይችላል። ከዚህም የከፋ አንድ ስሕተት አለ፤ በሚዲያቴክ ስልክ ላይ በፍላሽ መሣሪያው ሁሉንም ፎርማት አድርግ የሚለውን መምረጥ የስልኩን መለያ ቁጥር የያዘውን ክፍል ጭምር ያጠፋል። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2017 ያልተመዘገቡ ቀፎዎችን ከኔትወርክ የሚያግድ ሥርዓት ጀምሮ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው መለያ ቁጥሩ የጠፋ ስልክ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያጣ ይገባዋል፤ የሌላ ቁጥር ማስጻፍም በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት የሚወሰደው የመጀመሪያ ባክአፕ የዚያ ክፍል መሆን አለበት።

ሻጭ ፊት ሲቆም

ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ስክሪኑን፣ ካሜራውንና ድምፁን ፈትሾ ይከፍላል። ለሩት የሚገዛ ግን ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ሌላ ነገር ማየት አለበት። በመጀመሪያ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ተደውሎ የሚወጣው ቁጥር በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ቀጥሎ ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ ላይ የሶፍትዌሩ ሥሪት ቁጥር 7 ጊዜ ሲነካ የገንቢዎች ቅንብር ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ ኦኢኤም አንሎክ የሚለው አማራጭ መኖሩና ሊበራ መቻሉ ይታይ። ፒክስል ላይ ይህ አማራጭ ስልኩ ኢንተርኔት ካላገኘ ደብዝዞ ስለሚቀር፣ ሻጮች ደግሞ ስልኩን ሲም ሳይኖርበት ስለሚያቀርቡት፣ ገዢው ከራሱ ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ማገናኘት ይኖርበታል። ኢንተርኔት አግኝቶም ካልበራ የቬራይዘን ሊሆን ስለሚችል መተው ነው። ሻጩ ይህን ሲያይ ስልኩ ሊበላሽበት ነው ብሎ ሊቆጣ ይችላል፤ አማራጩን ማብራትና ማጥፋት ብቻውን ምንም እንደማይለውጥ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ መረጃ የሚጠፋው ቡትሎደሩ በትክክል ሲከፈት ነው። የቀድሞው ባለቤት የጎግል ወይም የሻውሚ አካውንት በስልኩ ላይ ካለም ሻጩ ራሱ እዚያው እንዲያወጣው ይደረግ፤ በኋላ ሰፈር ያለው ጠጋኝ ጂሜይሉን ይከፍትልሃል የሚል ተስፋ የተሰረቀ ስልክ የመግዛት በር ነው።

አሁን ባለው ሁኔታ ተመርጦ ይባል ከተባለ፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነ ሰፈር ለሚኖርና ባትሪ ለመቀየር ገንዘብ ለሚያስቀር ሰው የቬራይዘን ያልሆነ ፒክስል 6ኤ እመርጣለሁ። ሁለት ሲም ለሚያስፈልገውና ኔትወርኩ ለሚደክምበት በሚዩአይ ላይ የቆመ ሬድሚ ኖት 10 ፕሮ፣ ገና ለሚለማመድ ደግሞ የቆየ የሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ያለው ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ይበቃል። አዲስ የወጣ ሳምሰንግ ለዚህ ጉዳይ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

የትኛውም ይመረጥ፣ ስልኩ ቤት እንደገባ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው አዲስ ማሻሻያ አለ የሚለው ማሳሰቢያ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ያ ማሻሻያ አሮጌውን ሳምሰንግ ወደ ዋን ዩአይ 8፣ ሬድሚውን ወደ ሃይፐር ኦኤስ፣ ፒክስል 6ኤውን ባትሪ ወደሚቀንሰው ሥሪት ሊወስደው ይችላል። በገንቢዎች ቅንብር ውስጥ በራሱ የሚሻሻልበትን አማራጭ አጥፍቶ፣ ስልኩ ያለበትን ሥሪት ጽፎ፣ የዚያኑ ሥሪት ሶፍትዌር አውርዶ ካስቀመጡ በኋላ ቡትሎደሩን መክፈት ይቻላል፤ የደኅንነት ማሻሻያው ከዚያ በኋላ፣ ምን እንደሚለውጥ ታይቶ፣ ይጫናል።